ተራራው ብቻውን አያስፈራም

ጥያቄው፦ «የሁለተኛ ዓመት የፊልም ተማሪ ነኝ። የአንድ ፊልም መክፈቻ መቼቱንና ድባቡን እንዴት እንደሚያስተዋውቅ ተንትኑ ተባልን። እኔ ‹ዘ ሻይኒንግ›ን መረጥኩ። ‹መኪናዋ በተራራ መንገድ ትጓዛለች፣ ካሜራው ከላይ ይከተላታል፣ ሙዚቃው ያስፈራል፣ ስለዚህ ድባቡ አስፈሪ ነው› ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ከሥሩ ‹ይሄ ገለጻ ነው፤ ትንተናው የታለ?› ብሎ መለሰልኝ። ምን ጎደለኝ? መቼትና ድባብንስ ለየብቻ ልጻፍ ወይስ አንድ ላይ? መክፈቻው የሚያልቀውስ የቱ ጋ ነው? ግራ የገባት ተማሪ።»

መልስ፦ መምህርሽ ልክ ነው። አንቺም ግን ብዙ አልራቅሽም። የዘረዘርሽው ሁሉ ፊልሙ ላይ አለ። ከ«ስለዚህ» በፊት ያየሽውን ነገርሽን፤ ከ«ስለዚህ» በኋላ የተሰማሽን ነገርሽን። አንዱ ሌላውን እንዴት እንደወለደው ግን አልነገርሽንም። በተራራ መንገድ የምትሄድን መኪና ከሰማይ ሆኖ መቅረጽ በራሱ ምኑ ያስፈራል? የመኪና ማስታወቂያዎችን አስቢ። ያው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ያው ለብቻዋ የምትከንፍ መኪና፣ ያው ከላይ የሚበር ካሜራ። እሱን አይተን በፍርሃት የምንሸማቀቅ የለንም። እንዲያውም መኪናዋ ታምረናለች።

ለዚህ ከማስታወቂያ የተሻለ ማስረጃ አለ፤ ያውም ከራሱ ከ«ዘ ሻይኒንግ» ጓዳ የወጣ። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 ለወጣው፣ በበረዶ ከሰው ተለይቶ በተራራ ሆቴል ስለሚከርም ቤተሰብ ለሚተርከው ለዚህ ፊልም መክፈቻ ከሄሊኮፕተር ላይ ካስቀረጸው ውስጥ ፊልሙ ላይ ያልገባ ብዙ ቀረጻ ተርፎት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር»ን ሲጨርስ ስቱዲዮው ደስ የሚል መጨረሻ ፈለገ። ስኮት ኩብሪክን ጠየቀው፤ ከተረፈው ቀረጻ ተሰጠው። በ1982 ሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ መጨረሻ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዴካርድና ፍቅረኛው ሬቸል ያንን ጨለማና ዝናባማ ከተማ ጥለው ሲወጡ የምናያቸው ተራሮች ከዚያ የመጡ ናቸው። በ1992 የወጣው የዳይሬክተሩ ቅጂ ይሄን መጨረሻ ቆርጦ ስለጣለው ዛሬ ብዙ ሰው አያውቀውም። ካገኘሽው ግን ሁለቱን አከታትለሽ እዪያቸው።

እዚያ ጋ የምታገኚው ነገር ለመምህርሽ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። የቀረጻው ዘዴ አንድ ነው። የመሬቱ ዓይነት አንድ ነው። አንዱ ፊልም ላይ ግን መንገዱ ወደ ጥፋት ይወስዳል፣ ሌላው ላይ ማምለጫ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ ተራራው ውስጥ አልነበረም። «ብሌድ ራነር» ላይ መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ እናውቃለን፣ እንዲያመልጡም እንፈልጋለን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ስናይ ቆይተን ነው አረንጓዴው የመጣው። በዚያ ላይ ዴካርድ ራሱ በተረጋጋ ድምፅ እየተረከልን ነው። «ዘ ሻይኒንግ» ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ሹፌሩን አናውቀውም፣ ፊቱንም አናይም። የሚነግረን ሰው የለም። ወዴት እንደሚሄድም ገና አልተነገረንም።

ከዚህ አንድ መፈተኛ ማውጣት ይቻላል፤ እኔ ሁልጊዜ የምሠራበት እሱ ነው። ከመክፈቻው አንድ ነገር በሐሳብሽ ለውጪ። ሌላውን አትንኪ። ከዚያ ምን እንደፈረሰ እዪ። የፈረሰው ነገር ያ የለወጥሽው ነገር ይሠራው የነበረው ሥራ ነው። ምንም ካልፈረሰ ደግሞ ስለዚያ ነገር አንድ አንቀጽ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው።

እስኪ በራስሽ ፊልም ላይ እንሞክረው። መጀመሪያ ሙዚቃውን አንሺና በቦታው ለስላሳ ጊታር አስገቢ። ወዲያው የቱሪስት ፊልም ይሆናል። ስለዚህ ሙዚቃው ብዙ ሥራ እየሠራ ነው፤ እዚህ ላይ ትክክል ነሽ። ግን «ያስፈራል» ብለሽ አለፍሽው። ምኑ? ዌንዲ ካርሎስና ሬቸል ኤልካይንድ በሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ) ያቀናበሩት ዜማ «ዲየስ ኢሬ» ከሚባለው የመካከለኛው ዘመን የላቲን ዜማ የተወሰደ ነው። ስለ ፍርድ ቀን የሚናገር፣ ለሙታን በሚደረግ ቅዳሴ ላይ የሚዘመር ነበር። እንግዲህ ፊልሙ ገና ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይተዋወቅ፣ በለቅሶ ዜማ ነው የሚጀምረው። ተመልካቹ ዜማውን ባያውቀው እንኳ ዝግታውንና ክብደቱን ይሰማዋል። ምስሉ «ጥሩ ቀን ነው» ይላል፤ ድምፁ «የቀብር ቀን ነው» ይላል። ፍርሃቱ የሚገባው በሁለቱ መሃል ባለው ክፍተት ነው። ሰማዩ ጠቁሮ መብረቅ ቢኖር ኖሮ ምስሉና ድምፁ ይስማሙ ነበር፤ እኛም «አዎ፣ የሚያስፈራ ፊልም ነው» ብለን ዘና እንል ነበር።

አሁን ደግሞ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዝጊው። አሁንም የሆነ ነገር ይቀራል አይደል? አብዛኛው ተማሪ እዚህ ድረስ አይመጣም፤ ሙዚቃው ላይ ያቆማል። ካሜራውን ተከታተይው። ሲጀምር መኪና የለም። ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ይበርራል። ያም ማለት ካሜራው ከመኪናዋ በፊት እዚያ ነበረ። መኪናዋን የሚያገኛት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ከሩቅ ሆኖ፣ ጉንዳን አክላ። ይከተላታል፣ ይቀርባታል። በጣም በቀረባት ሰዓት ግን አብሯት አይሄድም፤ አልፏት ከመንገዱ ወጥቶ በገደሉ ላይ ይንሳፈፋል። የመኪና ማስታወቂያ ይሄን በፍጹም አያደርግም። የሚሸጠውን ዕቃ ጥሎ የት ይሄዳል? እዚህ ያለው ካሜራ ግን የራሱ ፈቃድ ያለው ይመስላል። የሆነ ነገር ቁልቁል እያየ ነው፤ ማን እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም። አንቺ «ካሜራው ከላይ ይከተላታል» ብለሽ የጻፍሽው ይሄን ሁሉ ነገር ነው። እንዲያውም «ይከተላታል» ማለትሽ ራሱ ትክክል አይደለም፤ ፍርሃቱ ያለው መከተሉን በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው።

የተዋንያኑና የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝርም አለ። አብዛኛውን ጊዜ በፊልም መጨረሻ እንደምናየው ከታች ወደ ላይ እየተንከባለለ ያልፋል። እኔ ከዚህ ብዙ አልጨምቅም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ይገባዋል። መጀመሪያው መጨረሻ ይመስላል።

መቼቱስ? ልብ በይ፣ የቦታ ስም አልተጻፈም፣ ቀንም የለም። የምናውቀው መንገዱ ረጅም፣ ጠመዝማዛና ወደ ላይ የሚወጣ መሆኑን ነው። መጨረሻ ላይ በረዶ ከለበሰው ተራራ ሥር ሆቴሉን እናያለን። መክፈቻው ሦስት ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ወደ ሠላሳ ሰከንድ አሳጥሪው። መረጃው አንድም አይጎድልም፦ መኪና፣ ተራራ፣ ሆቴል። የሚጠፋው ርቀቱ ነው። ሰውነታችን መንገዱን አብሮ አልሄደውም። በኋላ በረዶው መንገዱን ሲዘጋው ሆቴሉ ውስጥ ላለው ቤተሰብ ማንም ሊደርስለት እንደማይችል የምናምነው እነዚያን ደቂቃዎች ስለከፈልን ነው። የመክፈቻው ርዝመት ራሱ ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። መቼትና ድባብን ለየብቻ አትጻፊ። ምክንያቱን የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሪር ዊንዶው» (1954) ከማንም በላይ ያሳያል። ካሜራው ከአንድ አፓርታማ መስኮት ወጥቶ የጋራውን ግቢ ይዞራል፣ ይመለሳል። አንድ ሰው ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ተኝቷል። የሙቀት መለኪያው ከ90 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ነው፤ በሴልሺየስ ከ32 ይበልጣል ማለት ነው። ፊት ለፊት ባልና ሚስት ከቤት ወጥተው የአደጋ ጊዜ መውጫው ሰገነት ላይ ተኝተዋል። ከዚያ በጄሶ የታሰረ እግር እናያለን። የተሰበረ ካሜራ። ጎማው ተነቅሎ ወደ ሌንሱ የሚበር የውድድር መኪና አደጋ ፎቶ። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ማን እንደሆነና እግሩ እንዴት እንደተሰበረ አወቅን።

ይሄን የመጨረሻውን ክፍል ሁሉም ተማሪ ይጽፈዋል፤ ግልጽ ስለሆነ። ስለ ሙቀቱ ደግሞ «የመጨናነቅ ድባብ ይፈጥራል» ተብሎ ይታለፋል። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። መፈተኛችንን እናምጣ። ወቅቱን ክረምት አድርጊው። መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። መጋረጃው ይወርዳል። ሰገነት ላይ የሚተኛ አይኖርም። ሰውየውም የሚያየው ነገር የለውም፤ ፊልሙም የለም። ሙቀቱ ስሜት ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቱን ሁሉ መስኮት የከፈተው እጅ ነው። ቦታው፣ ስሜቱና ታሪኩ በአንድ የሙቀት መለኪያ ተያይዘዋል። «መቼት» የሚል ንዑስ ርዕስ ሥር ብታስገቢው ድባቡ ያመልጥሻል፤ «ድባብ» ሥር ብታስገቢው ምክንያቱ ያመልጥሻል።

ቅደም ተከተሉንም ለውጪው። ሰውየው ቀድሞ ነቅቶ፣ እሱ ወደ ውጭ ሲያይ አብረን ብናይ ኖሮ ነውሩ የእሱ ይሆን ነበር። ሂችኮክ ግን ሰውየው ተኝቶ ሳለ እኛን ቀድሞ ጎረቤት ጓዳ ውስጥ አስገባን። የመጀመሪያዎቹ ሰላዮች እኛ ነን። መክፈቻ ስትተነትኚ ምን እንደታየ ብቻ ሳይሆን ምን ከምን በፊት እንደታየ የምትጠይቂው ለዚህ ነው።

መፈተኛውን በሐሳብ ሳይሆን በእውን የተሠራ ማየት ከፈለግሽ የኦርሰን ዌልስን «ተች ኦፍ ኢቭል» አውርጂ። መክፈቻው ዝነኛ ነው። አንድ እጅ የቦምብ ሰዓት ይሞላል፣ ቦምቡ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ባለመኪናው ከአንዲት ሴት ጋር ሆኖ ይነዳል። ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባለች ከተማ ያቋርጣል። በ1958 የወጣው ቅጂ ላይ ስቱዲዮው የስም ዝርዝሩን ምስሉ ላይ ጫነበት፤ የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃም ከላይ እስከ ታች አለበሰው። ዌልስ ይሄን አልፈለገም ነበር። ለስቱዲዮው የጻፈው 58 ገጽ ማስታወሻ ተረፈና በ1998 የፊልም አርታኢው ዋልተር መርች በማስታወሻው መሠረት ፊልሙን እንደገና አቀናበረው። የስም ዝርዝሩ ተነሳ። ሙዚቃው ተነስቶ በቦታው ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣ ዘፈን፣ የመኪናዋ ሬዲዮና የመንገዱ ጫጫታ ገባ።

ምስሉ ያው ነው። የተለወጠው ድምፁ ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ሙዚቃው ልብሽን ይዞ ይሮጣል፤ ከተማዋ ግን የጀርባ ምስል ትሆናለች። በሁለተኛው እያንዳንዱ በር የራሱ ድምፅ አለው። መኪናዋ ከዓይን ስትሰወር በሬዲዮዋ ትከታተያታለሽ። ድንገት ቦምቡ ካለበት መኪና የሚወጣው ዘፈን የቱ እንደሆነ ጆሮሽ መለየት ይጀምራል። እኔ የ1998ቱን እመርጣለሁ። የማንቺኒ ሙዚቃ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ግሩም ነው። ግን ሥጋት እንዲሰማኝ ያዝዘኛል፤ ሁለተኛው ሥጋቱን ራሴ እንድፈልገው ይተወኛል። ልዩነቱን ለማየት ሁለቱን ቅጂዎች በተከታታይ ማየት በቂ ነው። ከማንኛውም የትንተና መጽሐፍ በላይ ያስተምርሻል።

ሙዚቃ ሙሉ በሙሉ የሌለበትንም እዪ። የሰርጂዮ ሌዎኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» (1968) ላይ ሦስት ታጣቂዎች ባቡር ይጠብቃሉ። ሲጥ ሲጥ የሚል የንፋስ ወፍጮ አለ። ባርኔጣ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ አለ። ፊት ላይ የምታርፍ ዝንብ አለች። የቴሌግራፉ ድምፅ ሲያሰለቸው አንደኛው ሽቦውን ይበጥሰዋል። ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ይሄ ነው ያለው። ሰለቸሽ? ታጣቂዎቹም ሰልችቷቸዋል፤ ሥራው ያ ነው። ወደ ሁለት ደቂቃ ብትቆርጪው ጣቢያው፣ በረሃውና ጠመንጃው አሉ፤ መጠበቁ ግን የለም።

ጽሑፍ ስክሪን ላይ ከመጣም ዝም ብለሽ አትለፊው። «ሳይኮ» (1960) ሲጀምር ከተማው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ እስከ ደቂቃው ድረስ ይጻፋል። ደቂቃው ለታሪኩ ያን ያህል አያስፈልግም። ግን የፖሊስ መዝገብ አስመሰለው፤ ወንጀሉ ደግሞ ገና አልተፈጸመም። ቀጥሎ ካሜራው ግማሽ በወረደ መጋረጃ ሥር ሾልኮ ሆቴል ክፍል ይገባል። ይሄን ካንቺ ፊልም ጋር አነጻጽሪው፤ ኩብሪክ ከተማም ቀንም አይጽፍም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ወጥመድ ይሄ ነው። «ገለጻ ብቻ ነው» የተባለ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወደ ምልክት ፍቺ ይሮጣል። መኪናዋ ቢጫ ናት፣ ቢጫ የእብደት ምልክት ነው፣ ሐይቁ መስታወት ነው፣ መስታወት ድርብ ማንነት ነው። እባክሽ። ቢጫዋን ቮልስ ግራጫ አድርጊያት። ምን ይሆናል? ከመንገዱና ከድንጋዩ ጋር ትመሳሰልና ትጠፋለች። ቢጫው እዚያ የሚሠራው ሥራ ይሄ ሊሆን ይችላል፤ ነጥብ የምታክል ነገር ከዓይናችን እንዳትጠፋ ማድረግ። ትንሽ መሆኗን የምናየው ስለምትታይ ነው። ቀላል መልስ ነው፤ ግን ስክሪኑ ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ልታሳይው ትችያለሽ።

ሥራውን ስትጀምሪ መጀመሪያ ድምፁን ዘግተሽ እዪ። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍነሽ አዳምጪ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለቱን አንድ ላይ። በየጊዜው ፊልሙን አቁሚና «እስካሁን ምን አውቄያለሁ? ምንስ ተደብቆኛል?» ብለሽ ጻፊ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ያወጣል። ደቂቃና ሰከንድ መመዝገብ አትርሺ፤ መምህር ማስረጃ ይወዳል።

ያንቺን ዐረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦ «መክፈቻው የሚያሳየን ቦታ ውብና ብሩህ ነው፤ ሲንተሳይዘሩ ግን የሙታን ዜማ ያሰማል፤ ይሄ አለመስማማት ተመልካቹ ያየውን እንዳያምን ያደርገዋል። ካሜራው ከመኪናዋ በፊት እዚያ ይደርሳል፣ ሲቀርባትም ጥሏት ይሄዳል። በዚህም አካባቢው የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይ ይመስላል። ፊቱን ያላየነው ሹፌር ረጅሙን መንገድ ሲወጣ ርቀቱ ይሰማናል፤ ያ ርቀት በኋላ ቤተሰቡን ከሰው የሚለየው ነው።» አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንቺ ያየሽው ሁሉ አለበት። «አስፈሪ» የሚለው ቃል ግን አንድ ጊዜም አልገባበትም፤ አላስፈለገም።

መክፈቻው የቱ ጋ ያልቃል ላልሽው፣ በዚህ ፊልም ላይ ዕድለኛ ነሽ። ሆቴሉን ካየን በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ «ቃለ መጠይቁ» የሚል ርዕስ ይወጣል፤ እዚያ ቁሚ። ሌሎቹ ላይ አንድ ነገር ተከስቶ ታሪኩን የሚያስነሳበትን ቦታ ፈልጊ። «ተች ኦፍ ኢቭል» ላይ ፍንዳታው ነው፤ «ሪር ዊንዶው» ላይ የስልኩ ጥሪ። አንቺ ግን ከርዕሱ ቀጥሎ ያለችውን አንዲት ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ ምስል) ብቻ ተሻግረሽ ብትወስጂ ደስ ይለኛል። በሰማይ ሲንሳፈፍ የነበረው ካሜራ እዚያ በሰው ቁመት ልክ ሆኖ ያንን ሹፌር፣ ጃክን፣ በሆቴሉ ሎቢ ውስጥ አብሮት ይሄዳል። ለመጨረሻ አንቀጽሽ ያ ንጽጽር ይበቃሻል።